ስለ ማረሚያ ቤት አያያዝና ስለ ታራሚዎች መታነጽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የታራሚ ቤተሰቦች፣ አዲስ የማረሚያ ቤት ሠራተኞች፣ የሕግ ተማሪዎችና ማረሚያ ቤት ሊጎበኙ የሚሄዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ እዚህ ያለው ግን የትም ቢሆን የሚሠራው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅጣቱ በትክክል ምኑ ላይ ነው?

ነጻነትን ማጣቱ ላይ። ፍርድ ቤት 5 ዓመት የፈረደበት ሰው የተፈረደበት 5 ዓመት በፈለገበት እንዳይሄድና ከቤተሰቡ ተለይቶ እንዲቆይ ነው። ቅማል ይብላው፣ ቆሞ ይደር፣ ቲቢ ይዞት ይውጣ የሚል ውሳኔ የተጻፈበት መዝገብ የለም። «ሆቴል ልታደርጉላቸው ነው ወይ?» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ሌሊቱን ተራ ጠብቆ የተኛ ሰው ጠዋት ትምህርት ክፍል ገብቶ ያንቀላፋል፤ መልሱ ይኸው ነው። አያያዝና ማነጽ በወረቀት ላይ ሁለት መምሪያ ቢሆኑም አንዱ ሲበላሽ ሌላውም አብሮ ይቆማል።

የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት ምንድን ናቸው? ያስገድዳሉ?

የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች ናቸው። መጀመሪያ በ1955 ጄኔቫ ላይ ወጡ፤ በ2015 ተሻሽለው በጠቅላላ ጉባኤው ሲጸድቁ 27 ዓመት በእስር ላሳለፉት ለኔልሰን ማንዴላ መታሰቢያ በስማቸው ተጠሩ። ብዛታቸው 122 ነው። ደንቦቹ ራሳቸው አስገዳጅ ውል አይደሉም። አስገዳጁ የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው፤ አንቀጽ 10 ነጻነቱን ያጣ ሰው ሁሉ በሰብአዊነት እንዲያዝና የእስር ሥርዓቱ ዋና ዓላማ ታራሚውን ማረምና ወደ ኅብረተሰቡ መመለስ እንዲሆን ያዛል። «በሰብአዊነት» ሲባል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የሚታየው መለኪያ እነዚህ 122 ደንቦች ናቸው።

አንድ ክፍል ከአቅሙ በላይ ሞላ የሚባለው መቼ ነው?

የሚለካው በወለል ስፋት ነው። የአልጋ ቁጥር ያታልላል፤ አልጋ ሁለትና ሦስት ተደርቦ ሊቆም ይችላል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለጋራ ክፍል በሰው 3.4 ካሬ ሜትር፣ ለነጠላ ክፍል 5.4 ካሬ ሜትር ይመክራል። የአውሮፓ የማሰቃየት መከላከያ ኮሚቴ ደግሞ መጸዳጃውን ሳይጨምር ለጋራ 4፣ ለነጠላ 6 ካሬ ሜትር ይላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2016 በሰጠው ውሳኔ በጋራ ክፍል ከ3 ካሬ ሜትር በታች የተያዘ ሰው ኢሰብአዊ ወይም አዋራጅ አያያዝ ደርሶበታል የሚል ጠንካራ ግምት ይወሰዳል ብሏል።

አንድ ክፍል እንለካ። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6 ሜትር ነው፤ 48 ካሬ ሜትር። መጸዳጃው 4 ወሰደ፣ 44 ቀረ። በ3.4 ሲካፈል 12 ሰው ይይዛል፣ 13ኛው ትንሽ ይጎድለዋል። አሁን እዚያው ክፍል ውስጥ 50 ሰው አለ እንበል። አንድ ፍራሽ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1.6 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ መተላለፊያ ሳይቀር ወለሉ በሙሉ በፍራሽ ቢሸፈን የሚነጠፈው 27 ብቻ ነው። 23 ሰው የሚተኛበት መሬት የለውም ማለት ነው። እነዚህ ወይ በፈረቃ ይተኛሉ፣ ወይ ሁሉም በአንድ ጎን ተጠጋግቶ ይተኛና አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል፣ ወይ መጸዳጃው ደጃፍ ላይ ይነጠፍላቸዋል።

ሁለት ነገር አብሮ መጠየቅ አለበት። አንደኛው በሩ በቀን ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ነው፤ በጠባብ ክፍል አድሮ 12 ሰዓት ውጭ የሚውልና 23 ሰዓት የሚቆለፍበት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «የማረሚያ ቤቱ አቅም» የተባለው ቁጥር መቼ እንደተጻፈ ነው። 800 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ማረሚያ ቤት የልብስ ስፌት ክፍሉንና ቤተ መጻሕፍቱን መኝታ ያደርግና አቅሜ 900 ደረሰ ይላል። መጨናነቁ በሪፖርቱ ላይ ቀነሰ፤ ለማነጽ የቀረው ክፍል ግን ጠፋ።

አዲስ ሕንጻ መሥራት መጨናነቁን አይፈታውም?

ሕንጻው እስኪያልቅ የሚገባው ሰው ቀድሞ ይሞላዋል። በማረሚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ብዛት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ በቀን የሚገባው ሰው ሲባዛ አንዱ ሰው በአማካይ የሚቆይበት ቀን። በቀን 20 ሰው ከገባና በአማካይ 120 ቀን ከቆየ በማናቸውም ቀን ውስጥ የሚገኘው 2,400 ሰው ነው። ቆይታው ወደ 90 ቀን ቢወርድ 1,800 ይሆናል። አንድ ጡብ ሳይነሳ የ600 ሰው ቦታ ተገኘ።

ቆይታውን የሚያስረዝሙት ደግሞ በብዙ ቦታ ከባድ ወንጀለኞች አይደሉም። በዓለም ላይ ካሉት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ እስረኞች ከ10ሩ 3ቱ ገደማ ገና ፍርድ ያላገኙ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገብ ቤት መግባት ይበጃል። በየሳምንቱ እየተለቀሙ መውጣት ያለባቸው ስሞች አሉ፦ ዋስትና ተፈቅዶለት የዋሱን ገንዘብ ማቅረብ ያቃተው፤ በቀጠሮ የቆየበት ጊዜ ቢፈረድበት ሊፈረድበት ከሚችለው ቅጣት የበለጠ፤ ቀጠሮው አልፎ አዲስ ቀን ያልተቆረጠለት፤ የእስር ጊዜው ሞልቶለት የመፍቻ ወረቀቱ ያልደረሰ። የመጨረሻው ማንንም የሚያከራክር አይደለም፤ ቢሆንም ወረቀቱ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ማረሚያ ቤት ሳይደርስ ሰው ሲከርም የሚታይበት ጊዜ አለ። ትእዛዙን የሚያመላልሰው ሠራተኛ ማን እንደሆነና ያ ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካው መጠየቅ ብዙ ነገር ያሳያል።

ቀላል ወንጀል ለፈጸሙ ሰዎች ከእስር ውጭ ያሉ ቅጣቶችን፣ ማለትም የማኅበረሰብ አገልግሎትንና በክትትል ሥር መቆየትን የመሳሰሉትን የሚመለከቱት የቶኪዮ ደንቦች በ1990 ወጥተዋል።

አዲስ ሰው ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ምን መደረግ አለበት?

ስሙ፣ የታሰረበት ትእዛዝና ያዘዘው አካል፣ የገባበት ቀንና ሰዓት ይመዘገባል። ሰውነቱ ላይ የሚታይ ጉዳት ካለ በዚያው ይጻፋል፤ ይህ ታሳሪውንም ተረካቢውንም ይጠብቃል። የያዘው ገንዘብና ዕቃ ተቆጥሮ ይፈርምበታል። የት እንዳለ ለቤተሰቡ ወዲያው እንዲያሳውቅ ዕድል ይሰጠዋል። ደንቡ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ማንበብ ለማይችል በቃል።

ስህተት የሚበዛው ስሙ ላይ ነው። ሰውዬው ፖሊስ ጣቢያ «ሐብታሙ»፣ ፍርድ ቤት «ሀብታሙ»፣ ማረሚያ ቤት «ኃብታሙ» ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል፤ የመፍቻ ቀኑ ሲደርስ መዝገቡ አልተገኘም ይባላል። አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሁሉም ወረቀት ላይ መከተል ያለበት ለዚህ ነው። የታሰረበት ቀን ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያው ካልተነሳ በጣቢያ ያሳለፈው ጊዜ ከቅጣቱ ሳይቀነስለት ይቀራል።

የጤና ምርመራውም ሳይዘገይ መደረግ አለበት። ራሱን የማጥፋት አደጋ የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረ፣ ከመጠጥ ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ በድንገት የተለየ፣ በቅርብ ሰው ላይ በፈጸመው ወንጀል የተያዘ። እንዲህ ያለውን ሰው ልብሱን ገፎ ለብቻ መቆለፍ ጥበቃ ይመስላል፤ አደጋውን ግን ያባብሰዋል። ከሚያናግረው ሰው ጋር ማሳደርና ደጋግሞ ማየት ይሻላል።

ለአንድ ሰው ስንት ውሃና ስንት መጸዳጃ ይበቃል?

ለመጠጥ፣ ለመታጠብና ለጽዳት ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሊትር በቀን፤ መጸዳጃ ለ25 ሰው አንድ። ውሃው በጉድጓዱ ወይም በመስመሩ ስላለ ሰው ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም። 600 ታራሚ በ15 ሊትር 9,000 ሊትር ይፈልጋል። በደቂቃ 5 ሊትር የሚያወርድ አንድ ቧንቧ ይህን ለመቅዳት 30 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ቀን ግን 24 ሰዓት ነው፣ በሩ የሚከፈተውም ከዚያ ግማሹን ነው። 10 ቧንቧ ካለ በ3 ሰዓት ያልቃል። ቧንቧ ላይ የሚነሳ ጠብ «የታራሚ ጠባይ» እየተባለ የቅጣት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለቀች ጎሚኒ መቀየር ነው። ከእስር በፊት ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ታራሚ በየማረሚያ ቤቱ አይጠፋም፤ መፍቻ ቁልፍ ስጡት።

ሌሊቱን አይርሱ። ክፍሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከተቆለፈ ውሃውና መጸዳጃው እዚያው ውስጥ መኖር አለበት። ባልዲ ከሆነ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ጠዋት የሚደፋበትም ቦታ ከቧንቧው መራቅ አለበት። የፍሳሽ ጉድጓድ ቶሎ የሚሞላው ለ800 ሰው ተቆፍሮ 2,000 ሰው ስለሚጠቀምበት ነው፤ የማስመጠጫው በጀት ግን የሚያዘው በ800ው ነው።

እከክና ቲቢ ለምን ደጋግመው ይመለሳሉ?

እከክ የሚመለሰው ያሳከከው ሰው ብቻ ስለሚታከም ነው። ተባዩ ምልክት ሳያሳይ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማከክ እስኪጀምር ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ የክፍሉ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ቅባቱን ይቀባል፣ በዚያው ቀን ልብሱና አንሶላው በፍል ውሃ ይታጠባል፣ ቅባቱም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ግማሹ ዛሬ ግማሹ ነገ ከሆነ ቅባቱ ባከነ። ተስቦ የሚያመጣውን የልብስ ቅማል ደግሞ ሰውነትን ማጠብ ብቻ አያጠፋውም፤ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ልብሱ መቀቀል ወይም በጋለ ካውያ ስፌት ስፌቱን መተኮስ አለበት።

ቲቢ በአየር ይተላለፋል። መስኮቱን ለደህንነት ብሎ በላሜራ መድፈን ክፍሉን የበሽታ ማራቢያ ያደርገዋል፤ በፍርግርግ ብረት መሥራት ሁለቱንም ይጠብቃል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሁሉ አክታው መመርመር አለበት። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ ችግሩም ማረሚያ ቤት ሰውን ስለሚያንቀሳቅስ ይመጣል። ታራሚው በ3ኛው ወር ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይዛወራል፣ የሕክምና ካርዱ ይቀራል። ወይም በ4ኛው ወር ይፈታል፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀበለው የነገረው የለም። የተቋረጠ መድኃኒት ደግሞ መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ ያመጣል፤ ጠባቂውም፣ ጠያቂውም፣ የጠባቂው ልጆችም በዚያ ይያዛሉ።

በማንዴላ ደንቦች መሠረት ታራሚ ውጭ ያለው ሰው ከሚያገኘው እኩል ሕክምና በነጻ ማግኘት አለበት። ሐኪሙም የቅጣት ውሳኔ ላይ አይፈርምም፤ ሥራው ማከምና የቅጣቱ ጉዳት ሲታየው እንዲቆም ማሳወቅ ነው።

ለብቻ ማሰር ይፈቀዳል?

ለብቻ ማሰር ማለት ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ሳይኖር በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆለፍ ነው። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በገለልተኛ አካል ግምገማና ሥልጣን ባለው አካል ፈቃድ ብቻ ይደረጋል። በተከታታይ ከ15 ቀን ካለፈ ክልክል ነው። ጨለማ ቤት፣ ምግብና ውሃ መቀነስ፣ የጅምላ ቅጣት በማንኛውም ሁኔታ ክልክል ናቸው። በምግብ መስጫዋ ቀዳዳ «ደህና ነህ?» ማለት ግንኙነት አይባልም።

ይህ ገደብ የሚታለፍበትን ብልሃት ማወቅ ይጠቅማል፦ በ15ኛው ቀን ማውጣት፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ መልሶ ማስገባት። ሌላው «ለራሱ ደህንነት» የሚለው ምክንያት ነው፤ ስሙ ቅጣት ስላልሆነ ቀን አይቆጠርለትም። ማጣራት የሚቻለው የቅጣት መዝገቡን ከክፍሉ የቁልፍ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን በማንበብ ነው።

የክፍል ካቦ መሾም ምን ክፋት አለው?

ካቦው፣ ማለትም ከታራሚዎቹ መሀል የክፍሉ አለቃ የሚደረገው፣ የሚሾመው ጠባቂ ስለሚያንስ ነው። ስም መጥራት፣ ጽዳት ማከፋፈል፣ የክፍሉን ጥያቄ ለአስተዳደሩ ማቅረብ ችግር የለውም። ችግሩ የመቅጣት ሥልጣን ሲይዝ ነው፤ የማንዴላ ደንብ 40 ማንኛውም ታራሚ በሌላው ላይ የዲሲፕሊን ሥልጣን እንዳይሰጠው የሚከለክለው ለዚህ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ትልቁ ሀብት የመኝታ ቦታ ነው። ያንን የሚያድለው ካቦ ከሆነ ግድግዳ ሥር መተኛት ዋጋ ይወጣለታል፤ ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይከፍላል፣ ልብስ ያጥባል፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ይጠየቃል። ጠባቂው «ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ጸጥ ያለው ስለፈራ ነው።

ካቦውን አንስቶ ሌላ መተካት ምንም አይለውጥም። የመኝታ ቦታ ድልድሉን ጽሕፈት ቤቱ ይያዝ፤ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፍ፤ አዲስ ሰው ሲገባ ቦታውን በቁጥር ይዞ ይግባ። የካቦው ገበያ ግማሹ በዚህ ይዘጋል። ቀሪው የሚዘጋው ጠባቂው ቀን ቀን ከታራሚው መሀል ገብቶ ስም እየጠራ ሲያወራ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ጠብ ሳይነሳ የሚያውቅ ጠባቂ ከካሜራ ይበልጣል።

ማነጽ ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው? የሚሠራውስ የትኛው ነው?

በ1974 አንድ አሜሪካዊ ጥናት አቅራቢ የማረሚያ ፕሮግራሞችን ገምግሞ ባወጣው ጽሑፍ ምክንያት «ምንም የሚሠራ ነገር የለም» የሚል አባባል ተስፋፋ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ያሳዩት ሌላ ነው፦ የሚሠራም የማይሠራም፣ የሚያባብስም አለ። በ1990 የካናዳ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ ብዙ አገር የሚጠቀምበት ነው። በሦስት ቃል ቢባል፦ ማን፣ ምን፣ እንዴት።

ማን፦ ጥብቅ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ተመልሶ የመግባት ዕድሉ ከፍ ላለው ነው። ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነውን ሰው ከእነዚያ ጋር ቀላቅሎ ወራት ማስቀመጥ ያበላሸዋል፤ ያልነበረውን ወዳጅና ብልሃት ይዞ ይወጣል። ማረሚያ ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ተቃራኒውን ነው። ጨዋውን፣ የተማረውን፣ ቀድሞ እጁን ያወጣውን ይመዘግባሉ፤ ፕሮግራሙ ያማረ ውጤት ያሳያል፣ ያ ሰው ግን ቀድሞውንም አይመለስም ነበር።

ምን፦ ወንጀሉን በሚገፋው ነገር ላይ መሥራት። ጓደኛ፣ መጠጥና ዕፅ፣ ሥራ ማጣት፣ ቁጣን መያዝ አለመቻል፣ «የኔ ጥፋት አይደለም» የሚል አስተሳሰብ። መዝሙርና ስፖርት ቀኑን ያሳጥራሉ፣ ሊኖሩም ይገባል፤ ብቻቸውን ግን ሌባን ከሌብነት አያስቆሙም።

እንዴት፦ ሰውዬው በሚገባው መንገድ። ንግግር ብቻ አይሠራም፤ ልምምድ ያስፈልጋል። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሥልጠና የሚባለው ከ8 እስከ 12 ሰው በሚይዝ ቡድን ሲሰጥ አንዱ ልምምድ እንዲህ ነው፦ ተሳታፊው ባለፈው ሳምንት የተጣላበትን አንድ አጋጣሚ በአራት መስመር ይከፍለዋል፤ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ተከተለ። ብዙዎች ሁለተኛውን መስመር ባዶ ይተዉታል፤ «አላሰብኩም፣ መታሁት» ይላሉ። ሥራው እዚያች ባዶ መስመር ላይ ነው፤ «ናቀኝ» የምትል ቃል ከውስጧ እስክትወጣ ድረስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የማይሠራውንም እንጥቀስ። ወጣት አጥፊዎችን ማረሚያ ቤት ወስዶ በከባድ ወንጀለኞች ማስፈራራት ወንጀልን እንደሚያስቀር ይታሰብ ነበር፤ በጥናት ሲፈተሽ ካልወሰዷቸው እኩዮቻቸው የባሰ ሆነው ተገኙ። በተቃራኒው ትምህርት ጥሩ ውጤት አለው፤ በ2013 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በእስር ላይ ሳሉ የተማሩ ሰዎች ተመልሰው የመግባት ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

የሙያ ሥልጠና የወሰደ ታራሚ ለምን ሥራ አያገኝም?

መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት እንቁጠር። 30 ሠልጣኝ፣ 3 የስፌት መኪና፣ በቀን 2 ሰዓት። አንድ መኪና ለ10 ሰው ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው 12 ደቂቃ። በ6 ወር ውስጥ 120 የሥልጠና ቀን ቢኖር በጠቅላላው 24 ሰዓት መኪና ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ምስክር ወረቀቱ «የ6 ወር ሥልጠና» ይላል፤ አሠሪው ግን ኪስ ሲያሰፋው ያውቀዋል። 6 ሰው ብቻ ተቀብሎ በየቀኑ ሰዓት ሙሉ ማሠራት ሪፖርት ላይ ያንሳል፤ የሚወጣው ግን ሰፊ ነው።

ሁለተኛው የምስክር ወረቀቱ ራስጌ ነው። ማረሚያ ቤቱ በራሱ ማኅተም ከሰጠው ታራሚው የእስር መዝገቡን በፍሬም አስገብቶ እንዲዞር ማድረግ ነው። ውጭ ያለው የሙያ ተቋም ፈትኖ በራሱ ስም መስጠት አለበት። ኖርዌይ መምህሩን፣ ሐኪሙንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ከውጭው መደበኛ አገልግሎት የምታመጣው ከዚህ በሚቀራረብ ሐሳብ ነው፤ ታራሚው ሲወጣ የሚያገኘው ያንኑ አገልግሎት ነው።

ሦስተኛው ደሞዝ ነው። የታራሚ ሥራ ፍትሐዊ ክፍያ ይኑረው ይላሉ ደንቦቹ፤ ከክፍያው ከፊሉ ለራሱ መጠቀሚያ፣ ከፊሉ ለቤተሰቡ፣ ከፊሉ ሲፈታ የሚሰጠው ቁጠባ ይሆናል። ሂሳቡን ታራሚው ራሱ በየወሩ አይቶ የሚፈርምበት ደብተር ከሌለ ሦስተኛው ክፍል ሲፈታ አይገኝም።

በብራዚል ሕግ 3 ቀን የሠራ ወይም 12 ሰዓት የተማረ ታራሚ ከቅጣቱ 1 ቀን ይቀነስለታል፤ መጽሐፍ አንብቦ ጽሑፍ ላቀረበም በመጽሐፍ 4 ቀን፣ በዓመት እስከ 48 ቀን። ደግ ሐሳብ ነው፤ ቆጣሪው ሐቀኛ እስከሆነ ድረስ።

ጥየቃ ለምን ይህን ያህል ቦታ ይሰጠዋል?

ሲወጣ የሚቀበለው ጠያቂው ስለሆነ። ታራሚን ከቤቱ አርቆ ማሰር ከጥበቃ አንጻር አንዳንዴ ይመቻል፤ ግን ጥየቃውን ቀስ እያለ ይገድለዋል። በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ በዓል ሲመጣ። ጠያቂን የሚያስቀሩት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፦ ግማሽ ቀን ተሰልፎ 10 ደቂቃ ማየት፣ በሁለት ሽቦ መሀል መጯጯህ፣ እናትን በልጇ ፊት በሚያሳፍር መንገድ መፈተሽ፣ ያመጣችው ስንቅ በእጅ ተበርብሮ ማየት። ፍተሻው ይደረግ፤ በመጋረጃ ውስጥ፣ በተመሳሳይ ጾታ፣ በንጹሕ ጓንት።

ሴቶችና ሕጻናትስ?

ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የተባበሩት መንግሥታት የባንኮክ ደንቦች በ2010 የወጡት ነባሮቹ ደንቦች ወንድን ብቻ እያሰቡ ስለተጻፉ ነው፤ 70 ናቸው። ሴቶች በሴት ይጠበቃሉ፣ ለወር አበባ የሚሆን ንጽሕና መጠበቂያ በነጻ ይሰጣቸዋል፣ በምጥና በወሊድ ጊዜ ሰንሰለት ወይም ካቴና አይደረግባቸውም። ከእናቱ ጋር ያለ ሕጻን እስረኛ አይደለም፤ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። የምግብ በጀት ውስጥ ግን መግባት አለበት፤ ብዙ ቦታ የሚረሳው ይህ ነው፤ ሕጻኑ የሚበላው ከእናቱ ድርሻ ተቀንሶ ይሆናል።

አመክሮ፣ ይቅርታና ምሕረት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አመክሮ ቅጣቱ ሳይነሳ በቅድመ ሁኔታ መፈታት ነው፤ እንደየአገሩ ከግማሽ ወይም ከሁለት ሦስተኛ በኋላ ይጠየቃል። ሁኔታውን ከጣሰ ቀሪውን ሊጨርስ ይመለሳል። ይቅርታ በአብዛኛው ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያሳንሳል፣ ጥፋተኝነቱ ግን ይቆያል። ምሕረት ብዙ ጊዜ በሕግ ለአንድ ዓይነት ወንጀል ወይም ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ድርጊቱን ራሱን ይሽራል።

አመክሮ የሚበላሸው በባሕርይ መዝገቡ ነው። ጠባቂ የሚጽፈው ጥፋት ሲያይ ብቻ ነው፤ 3 ዓመት ሙሉ በሰላም የኖረ ሰው ማኅደሩ ባዶ ሆኖ ቦርዱ ፊት ይቀርብና «የመታረም ማስረጃ አልቀረበም» ይባላል። ከወጣም በኋላ በየሳምንቱ በሥራ ሰዓት እየመጣህ ፈርም የሚል ግዴታ ያገኘውን ሥራ ያስጥለዋል።

በሚፈታበት ቀን እጁ ላይ ምን መኖር አለበት?

መታወቂያ፣ የመፍቻ ወረቀት፣ ለወቅቱ የሚሆን ልብስ፣ እስከ ቤቱ የሚያደርስ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ቁጠባው፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርሰው መድኃኒትና የሕክምና ወረቀቱ። መታወቂያው ከመፍቻው ወራት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት፤ ያለ መታወቂያ አልጋ መያዝም፣ ሥራ መቀጠርም፣ ሲም ካርድ ማውጣትም ያስቸግራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መፍታት መጥፎ ልማድ ነው፤ ቢሮው ሁሉ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ በ2023 በወጣ ሕግ ቀኑ ዓርብ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ የሚውልባቸውን ሰዎች እስከ 2 የሥራ ቀን ቀደም አድርጎ መፍታት ተፈቅዷል።

ኦፒየም ነክ ዕፅ ይጠቀም ለነበረ ሰው የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ገዳይ ናቸው። በእስር ላይ ሳለ ሰውነቱ መልመዱን ትቷል፤ ውጭ ወጥቶ የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ይህን በግልጽ ቋንቋ ከመውጣቱ በፊት መንገር ዕፅ እንዲወስድ መገፋፋት አይደለም።

«ተመልሶ የገባ» ቁጥር ሲጠቀስ ማመን ይቻላል?

ምን እንደተቆጠረና በስንት ዓመት እንደሆነ ካልተነገረ አይቻልም። በ2005 ከተፈቱት ውስጥ በኖርዌይ 20 በመቶ ገደማ ተመለሱ፣ በአሜሪካ 30 ግዛቶች 68 በመቶ ገደማ ተመለሱ እየተባለ ይነጻጸራል። የኖርዌዩ በ2 ዓመት ውስጥ አዲስ ፍርድ የተሰጠበትን ይቆጥራል፤ የአሜሪካው በ3 ዓመት ውስጥ ዳግም በፖሊስ የተያዘን ሁሉ። ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን መጠኑ አይታወቅም።

ጎብኚ ወይም ተቆጣጣሪ ቢሆኑ ምን ያያሉ?

የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት መከላከያ ስምምነት የ2002 አማራጭ ፕሮቶኮል አባል አገሮች ነጻ የጎብኚ አካል እንዲያቋቁሙ ያስገድዳል፤ እንዲህ ያለ አካል ሳያስታውቅ ገብቶ ታራሚን ለብቻ ማናገር ይችላል። የሚጎበኘው ማንም ይሁን፣ ቀለም ከሸተተና አዲስ አንሶላ ከተዘረጋ ጉብኝቱ እንደተነገረ ይወቁ። ከወጥ ቤቱ ይልቅ የሚዛኑን መዝገብ ያንብቡ፦ ዛሬ ስንት ሰው ተቆጠረ፣ ስንት ኪሎ ዱቄት ወጣ። የቅጣት ክፍሉን ግድግዳ ይመልከቱ፤ የቀን ጭረት ይኖረዋል፤ ጭረቱን ይቁጠሩና ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። የሕክምና ክፍሉን የ3 ወር መዝገብ ገልጠው «ወደቀ» የሚል ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተጻፈና ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ይልቀሙ። የአስተያየት ሳጥን ካለ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሲያናግሩ አንድ ሰው ብቻ አይጥሩ፤ ማን እንደተናገረ ይታወቅበታል። ከክፍሉ 10 ወይም 15 ሰው በየተራ ያስገቡ፣ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይስጡ፣ የሚያወራው ባይኖርም ጊዜው እስኪሞላ አያስወጡት። ስማቸውን ይያዙና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳይነግሩ ተመልሰው እነዚያኑ ሰዎች ያስጠሩ። «ተዛውሯል» ከተባሉ፣ ዝውውሩ የተጻፈበትን ቀን ይጠይቁ።